ሰኞና ሐሙስ የምትመጣው ሴት

አባቴ ሴት አንቱ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴን፣ አላህ ይዘንላትና፣ አክስቶቼንም፣ የጎረቤት ባልቴቶችንም ሁሉ «አንቺ» ነው የሚሉት። አሥር አለቃዋ ከቢቸና መጥታ የሞጣውን ጓሯችንን በረገጠች ዕለት ግን ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ይቀመጡ» አሏት። የለቀቁላት ወንበር የራሳቸው ነው። እኔ የሚዛኑን ሰንሰለት ይዤ በር ላይ ቆሜያለሁ። የተሰማኝን ነገር ያኔ ስሙን አላወቅሁትም፤ ዛሬ ግን ቅናት ነበር ብዬ መናገር አያሳፍረኝም።

ሥራችን ቁርጥራጭ ብረት ገዝቶ ማስጫን ነው። አባቴ የጨርቅ ንግዱን ትተው ወደዚህ የገቡት እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። የተቀደደ ቆርቆሮ፣ የተበሳ ድስት፣ ያለቀ ማረሻ፣ የሞተ የመኪና ባትሪ በአህያም በባጃጅም ይመጣልናል። እኛ በየዓይነቱ እንለየዋለን፤ ሲጠራቀም አዲስ አበባ ወዳለ ማቅለጫ ይጫናል።

እኔ ባሕር ዳር አግብቼ ነበር። ትዳሩ አልሆነም። ዕቃዬን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ ስመለስ አባቴ መናኸሪያ ድረስ አልመጡም። ቤት ስገባ ቀና ብለው «መጣሽ?» አሉኝ፤ በማግስቱ የጓሮውን ቁልፍ ሰጡኝ። ስለ ትዳሬ አንድ ቃል ሳይጠይቁኝ ቀሩ። እኔም ከቁልፉ ሌላ አልፈለግሁም። ከዚያ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ያህል የአባቴ ዓይን እኔ ነበርኩ። መዳቡን ከነሐሱ የምለየው እኔ፣ ሻጭ ሲመጣ የሚጠራው እኔን፣ የጭነት መኪና ሲቆም ወጥቼ የማናግረው እኔ። ፈት ሴት ብለው የሚያሙኝ እንኳ ጓሮው በር ላይ ሲደርሱ «እመቤት» ይሉኝ ነበር።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየጆንያው ቀለሃ መምጣት ጀመረ። ቀለሃ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው የነሐስ ቀፎ ነው። ገበሬው ሲያርስ ያገኘዋል፤ ውሃ ቀጂዋ ከመንገድ ዳር ትለቅመዋለች። እንዴት እዚያ እንደወደቀ ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ ሁላችንም እዚሁ ነው ያለነው። አባቴ ገና አንዱን ጆንያ ሳይገዙ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ጠየቁ። «ባዶ ከሆነ ግዙ። ያልተተኮሰ ካገኛችሁ ግን እንዳትነኩት፤ እኛን ጥሩ» ተባሉ። የመለየቱ ሥራ በእኔ ላይ ወደቀ። አፉ ላይ እርሳስ ያለው ጥይት ነው፣ የሌለው ባዶ ነው። የማውቀው ይህንኑ ነበር። ቦታ እንዳይዝ ብዬ ባዶውን በመዶሻ እጨፈልቀውም ነበር። በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ አስጫንኩ።

ከሁለተኛው ጭነት በኋላ ከማቅለጫው ተደወለ። ብረቱ እሳት ውስጥ ሲገባ የሆነ ነገር ፈንድቶ የአንድ ሠራተኛ ክንድ ተቃጥሏል። ያን ቀን የሦስት ነጋዴ ዕቃ ተቀላቅሎ ስለገባ የማን እንደነበር አልታወቀም። ከእንግዲህ ግን ሙያው ባለው ሰው ያልተፈተሸ ቀለሃ አንቀበልም አሉ። አባቴ ስልኩን ዘጉና አዩኝ። «አንቺ ነሽ» አላሉም። «አንቺ አይደለሽም» ቢሉኝ ምን ነበረበት እያልኩ ብዙ ቀን ጠበቅሁ። እሱንም አላሉኝም። በሳምንቱ አሥር አለቃዋን አስጠሩ።

ሴትዮዋ ከሃያ ዓመት በላይ ሠራዊቱ ውስጥ በመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠርታ በጡረታ የወጣች ናት። ለአባቴ የጠቆሟቸው የጣቢያው ሰዎች ናቸው። አባቷ ቢቸና ውስጥ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ እሷም ጡረታ ከወጣች ወዲህ እዚያው ከአሮጊት እናቷ ጋር ትኖራለች። ዕድሜዋ ሃምሳን አልፏል። መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል፤ ከነጠላዋ ሥር ክርኑ የሳሳ አረንጓዴ ሹራብ አይለያትም። ሰኞና ሐሙስ በጠዋቱ ሚኒባስ ትመጣለች፤ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። ሰው ሁሉ «አሥር አለቃ» ይላታል። እኔም ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ። በሆዴ ግን አንቱ ብያት አላውቅም፤ እዚህም የምጽፈው እንደ ሆዴ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሥራዋ ጓሮውን መዞር ነበር። ምድጃው የት እንደሆነ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ይገባ እንደሆነ ጠየቀች። ጥግ ላይ መዶሻዬን አየች።

«በዚህ ምን ትሠሩበታላችሁ?»

«ቀለሃውን እጨፈልቅበታለሁ» አልኳት።

ወደ እኔ አልዞረችም። ለአባቴ ነው የተናገረችው። «ሐጂ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቀለሃ በመዶሻ አይመታም። እሳትም አጠገቡ አይደርስም።»

አባቴ መዶሻውን በገዛ እጃቸው አንስተው ወደ ቤት አስገቡት።

ከዚያ ጥላ ያለበት ቦታ ሸራ አስነጠፈች፤ አሸዋ የሞላ ባልዲ አጠገቧ አስቀመጠች፤ ጆንያውን ሳትደፋ በጭልፋ እየጨለፈች አንድ በአንድ ታይ ጀመር። አፉን አይታ አልበቃትም። እየገለበጠች ቂጡን ታያለች። እዚያ መሃል ላይ ትንሽ ክብ ነገር አለች። የተተኮሰ ከሆነ ክቧ በመርፌ ተመትታ ትጎደጉዳለች። ለጥ ያለች፣ ምንም ያልነካት ከሆነች ግን አፉ ባዶ ቢሆንም ቀለሃው አልሞተም፤ እሳት ሲያገኘው ይፈነዳል። ይህን ለአባቴ ስታስረዳ እኔ ከኋላ ቆሜ እሰማለሁ። እነዚያ ሁለት ጭነቶች ዓይኔ ላይ መጡ። ስንቱን ቂጡን ሳላይ ባዶው በሚጠራቀምበት በርሜል ውስጥ እንደጨመርኩ አላውቅም። ስለ ማቅለጫው ሠራተኛ ክንድ ማሰብ ነበረብኝ። ያሰብኩት ግን አባቴ አሁን ምን እያሰቡ ይሆን የሚለውን ነው።

ሥራው ፍጥነት የለውም፤ አባቴም ከዚያ በፊት እንደዚያ ተቀምጠው ሲውሉ አይቼ አላውቅም። በርጩማ አስመጥተው ከሸራው ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ያወራሉ። የአሥር አለቃዋ ንግግር እንደ አባቷ ተማሪዎች ሁለት ፊት አለው። የሞተውን ቀለሃ «ጾመኛ»፣ ያልሞተውን «የገደፈች» ነበር የምትለው።

«ይቺ ጾመኛ ናት። ይቺም። ይቺ ግን ገድፋለች፤ ወደ አሸዋው።»

«እኔስ ከየትኛው ነኝ?» አሏት አባቴ። ወሩ ረመዳን ነበር።

«ሐጂ እርስዎማ ጾመኛ ነዎት። ቂጥዎን ማየት አያስፈልግም።»

አባቴ ሳቁ። ትከሻቸው እየተነቃነቀ፣ ዓይናቸውን በኩታቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው የሳቁት። እንዲህ ያለ ነገር እኔ ብናገር ምን እንደሚገጥመኝ አውቃለሁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ የአባቴን ሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ቆርቆሮ የምደረድር መስዬ አንዱን ቆርቆሮ በሌላው ላይ ወረወርኩት፤ ድምፁ ሳቃቸውን አቋረጠው።

ምሳዋን የምሠራው እኔ ነኝ። የእኛን ሥጋ ስለማትበላ ሽሮና ምስር ነው። በጾሟ ጊዜ አባቴ ማድ ቤት ድረስ መጥተው «ቅቤ እንዳይነካው፤ ድስቱንም ለብቻው አድርጊው» ይሉኛል። አባቴ እኔ ምን እንደምወድ፣ ምን እንደማይስማማኝ ቢጠየቁ አያውቁም። እሷ ጎመን ላይ ቃሪያ እንደማትወድ ግን ያውቃሉ። ስትሄድ ደግሞ ለእናቷ የሚሆን ምስር ወይም ስኳር እንድሰፍርላት ያዙኛል። እናቷ ጥርስ ስለሌላቸው ከምስር ክክ ሌላ አይበሉም። እሰፍራለሁ። ቦርሳዋ ውስጥ አስገብቼ ዚፑን የምዘጋላትም እኔ ነኝ። ቀና ብላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ትለኛለች። መልካም ሰው መሆኗ ነበር ይበልጥ የሚያናድደኝ።

አንድ ማክሰኞ ከአምበር በኩል ሁለት ጆንያ ቀለሃ መጣ። አባቴ ጥግ አስቀምጡት፣ ሐሙስ አሥር አለቃ ያዩታል ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ። እኔ አልጠበቅሁም። ሸራውን ዘረጋሁ፤ ባልዲውን አቀረብኩ፤ እንደ እሷ በጭልፋ እየጨለፍኩ፣ አፍና ቂጡን እያየሁ አንዱን ጆንያ ጨረስኩ። ሁለት ያልሞቱ አግኝቼ አሸዋው ውስጥ አስቀመጥኩ። ወገቤ ተቆርጧል፤ ግን እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። አባቴ ሲመለሱ አሳየኋቸው። ባልዲውን አዩ፤ በርሜሉን አዩ። «እስቲ ሐሙስ ይታያል» አሉና ገቡ።

ሐሙስ አሥር አለቃዋ የእኔን በርሜል እንደገና ማየት ጀመረች። አጠገቧ ቆምኩ። እኩሌታው ላይ ስትደርስ አንዱን ቀለሃ ወደ ብርሃን አነሳችው። ቂጡ በጭቃ ተደፍኗል። በጥፍሯ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ ቀስ ብላ ጠረገችው። ክቧ ለጥ ብላ ታበራለች።

አባቴ «ምንድን ነው?» አሉ።

ልትሸፍንልኝ ትችል ነበር። «ያልጠራ ነገር አለ» ብላ ልታልፈው ትችል ነበር። «ያልሞተ ነው» አለች። «ልጅዎ ናት ያሳለፈችው። ጭቃውን ማየት ነበረባት።» ድምጿ ውስጥ ክፋት አልነበረም። የሥራ ቃል ነው የተናገረችው። እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነው።

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። ምን እንደፈለጉ ወዲያው ገባኝ፤ የጓሮውን ቁልፍ ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ዳር ባለችው ሱቃችን ምስማርና ሽቦ እየሸጥኩ ተቀመጥኩ። ከሱቋ ሆኜ ሰኞና ሐሙስ ከሚኒባስ ስትወርድ አያታለሁ፤ ስትሄድም አያታለሁ። ስትመጣ ቦርሳዋ ቀሏት ትራመዳለች፤ ስትመለስ በትከሻዋ አዘንብላ ነው። ምስሩን አሁንም የምሰፍረው እኔ ነኝ፤ ቤት ውስጥ ያለሁት ሴት እኔ ብቻ ነኝና።

አጠገቤ ሻይ የምታፈላ ሴት አለች። የመናኸሪያው ሾፌር፣ ጥበቃው፣ የኬላው ፈታሽ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነው የሚቀመጠው። አንድ ሐሙስ አሥር አለቃዋ ስታልፍ ሻይ አፍይዋ «ጎበዝ ሴት ናት» አለችኝ።

«ጎበዝ ናት» አልኳት። «ቦርሳዋ ስትመጣ ቀላል ነው፤ ስትሄድ ይከብዳል።»

ያልኩት ይህን ብቻ ነው። ውሸት የለበትም። ሻይ አፍይዋ ብርጭቆ ማጠቧን አቁማ አየችኝ። እኔም አየኋት። አንድ ቃል ብጨምር፣ «ምስር ነው» ብል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። በዚህ ዘመን፣ በዚህ መንገድ ላይ፣ ከቀለሃ ጓሮ የሚወጣ ከባድ ቦርሳ ምን ተብሎ እንደሚወራ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ዝም አልኩ። ወሬው አንድ ሳምንት አልፈጀበትም።

በሚቀጥለው ሰኞ ስትመለስ ደብረ ወርቅ ሳትደርስ ኬላ ላይ ሚኒባሱን አስቆሙ። እሷን ብቻ በስሟ ጠርተው አስወረዷት። ቦርሳዋን አስፋልቱ ላይ ገለበጡት። ምስሩ ተበተነ። ምስር ብቻ መሆኑን አይተውም አልለቀቋት፤ ከሆነ ክፍል አግብተው ግምጃ ቤት የሠራሽው የት ነው፣ ማንን ታውቂያለሽ እያሉ ሲጠይቋት አመሹ። በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው የተለቀቀችው። ይህን ሁሉ ለአባቴ የነገራቸው ሾፌሩ ነው። እኔ ከሱቁ መጋረጃ ኋላ ነበርኩ። «ጎንበስ ብላ ምስሩን ልትለቅም ስትል ተዪው አሏት» አለ ሾፌሩ። አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና የሚሄዱበት ስላጡ መልሰው ተቀመጡ።

ሐሙስ አልመጣችም። የሚቀጥለውም ሰኞ አልመጣችም። አባቴ ቢደውሉ ስልኳ አይነሳም። ጆንያው ተቆለለ። እንደበፊቱ ልለይላቸው ብዬ ስጠይቅ «አይነካም» አሉኝ። በርጩማዋ ላይ ተቀምጠው የተዘጋውን ጆንያ ሲያዩ ይውላሉ። የፈለግሁት ሆኖ ነበር፤ ሴትዮዋ ሄዳለች። አባቴ ግን ወደ እኔ አልተመለሱም። ሳትኖርም ጓሮው የእሷ ነበር። ይህን ሳይ ደግሞ እንደገና ቀናሁ። ሰው በሌለበት እንዲህ ይታሰባል? እኔ ባሕር ዳር በነበርኩባቸው ዓመታት እንዲህ የተቀመጠልኝ ነበር?

በሦስተኛው ሳምንት ሱቁን ዘግቼ ቢቸና ሄድኩ። ለአባቴ መድኃኒት ልገዛ ነው አልኩ። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር፤ ይቅርታ ልበላት ወይስ ወሬውን ማን እንዳስወራው አላውቅም ልበላት፣ ቢቸና እስክደርስ አልወሰንኩም።

ቤቷ ከቤተ ክርስቲያን አጥር በታች ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው። ደጅ ፀሐይ ላይ እናቷን በርጩማ ላይ አስቀምጣ ጥፍራቸውን ትቆርጣለች። አየችኝ። አልተነሳችም።

እናቷ ዓይናቸው አያይም። «ማን ናት?» አሉ።

«የሞጣው የሐጂ ልጅ ናት» አለቻቸው።

«ውይ፣ የምስሯ ልጅ» አሉ እናቷ፤ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አባትሽ ደህና ናቸው? ያለፈው ምስር ግን ሳይደርሰን ቀረ፤ አለቀ አለችኝ። እግዚአብሔር ይስጥልን፣ እስካሁን የበላነውም ይበቃል።»

እጃቸውን ያዝኩ። ቀጭንና ሞቃት ነበር። ለእናቷ ኬላ ላይ የሆነውን አልነገረቻቸውም። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ጥፍሩን ቆርጣ ጨረሰች። ከዚያ እናቷን ደግፋ አስገብታ ተመለሰችና ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ፈታሹ ምን አለኝ መሰለሽ?» አለች። «ስትመጪ ቀላል ነው፣ ስትሄጂ ይከብዳል አለኝ። ይህን ማለት የሚችል መምጫዬንም መሄጃዬንም የሚያይ ነው። ከሱቋ ሆኖ እንደዚያ የሚያየኝ አንድ ሰው ነው ያለው።»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እኔ ነኝ ያልኩት። ምስር መሆኑን እያወቅሁ።»

«ምን አድርጌሽ?»

አባቴ ወንበራቸውን ለቀቁልዎ አይባል ነገር። አንቱ ይሉዎታል አይባል። «አባቴ እርስዎን ይወዱዎታል» አልኩ። ስናገረው የሕፃን ቃል ሆነብኝ፤ አርባን ያለፍኩ ሴት ነኝ።

መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችው። «እኔ አባቴን ከቀበርኩ ብዙ ዓመቴ ነው» አለች። «አባትሽ ወንበር ሲለቁልኝ ደስ ይለኛል። አልዋሽሽም። ግን ማታ ሚኒባስ ላይ ሆኜ ወደዚህ ስመለስ አንቺ ነሽ እዚያ ቤት የምትቀሪው።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«የእኔ ይቅርታ ላንቺ ምን ይሠራልሻል? ለእሳቸው ንገሪ። እኔ አልነግራቸውም፤ አንቺ ካልነገርሽ አያውቁም። ሚኒባሱ ሳይሄድ ድረሺ» አለችና ገባች።

አባቴ የዐስር ሶላታቸውን ሰግደው ምንጣፉን ሳያጥፉ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ሻይ አፍይዋን፣ ያልኩትን፣ ሳልል የቀረሁትን። አላቋረጡኝም። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ምስሩን የሰፈርሽው አንቺ አይደለሽም?»

«እኔ ነኝ።»

ምንጣፉን አጠፉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ የምስር ክኩን ራሳቸው ሰፍረው፣ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ከሞጣ ወጥተው የማያውቁት ሰው ሚኒባስ ተሳፈሩ። እኔን ሊቀበሉኝ ለአንድ ኪሎ ሜትር ያህል እንኳ አልመጡም ነበር። ጥፋተኛዋ እኔ፣ ሊለምኑ የሄዱት ለእኔ ጥፋት፤ ቅናቴ ግን ይህን አይቶ አላፈረም። መስኮት ላይ ቆሜ ሚኒባሱ ሲሄድ አየሁና ቀናሁ።

ከሰዓት በኋላ ደክሟቸው ተመለሱ። «ሰኞ ትመጣ እንደሆን?» አልኳቸው።

«ትመጣለች አይባልም። ይመጣሉ።» ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ። «ሁለት ነገር ጠይቀውኛል። አንዱ፣ ከጣቢያው ደብዳቤ እንድናስጽፍላቸውና ኬላው እንዲያውቃቸው ነው። ሌላው አንቺ ነሽ። ቁልፉን ይመልሱላት፣ ከእኔ ጋር ትቀመጥ፣ አለበለዚያ ጓሮዎ አልገባም አሉ።»

ቁልፉን ከኪሳቸው አውጥተው መሬት ላይ አስቀመጡት፤ በእጄ አልሰጡኝም። አነሳሁት። ለአሥራ አምስት ዓመት የያዝኩት ቁልፍ አሁን የእሷ ስጦታ ሆኖ ወደ እኔ ተመለሰ። እንዲህ ከሚመለስ ቢቀር ብዬ አስቤ ነበር። ግን መቀነቴ ላይ አሰርኩት።

ሰኞ መጣች። ስለሆነው ነገር አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ጠጋ ብዬ እንድቀመጥ በእጇ ምልክት ሰጠችኝና ሥራ ጀመርን። በዝግታ ነው የምታስተምረው። ጭቃ ያለበት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል፤ በሹል ነገር አይፋቅም። ዝገት የበላው፣ የተጣመመ፣ ያልለየሽው ከሆነ ባዶ ነው ብለሽ አትገምቺ፤ አሸዋ ውስጥ አስቀምጪውና ሰው ይጠራ። እርሳሱን ነቅለሽ ባሩዱን አፈስሳለሁ አትበይ፤ እሱ የእኛ ሥራ አይደለም። ሲደክምሽ አቁሚ። ይህን የመጨረሻውን ደጋግማ ነው የምትለው። አንድ ቀን ዓይኔ ሲቅበዘበዝ አይታ ጭልፋውን ከእጄ ወሰደች፤ «ሂጂ ውሃ ጠጪ» አለችኝ። ተናድጄ ጠጣሁ።

አባቴ ከእኔ ጋር ወደ መነጋገር የተመለሱት ቀስ በቀስ ነው። መጀመሪያ «ሻይ»፣ ከዚያ «መኪናው መቼ ነው?»፣ ከዚያ ሌላም። ከማቅለጫው ጭነታችን ንጹሕ ነው የሚል ቃል ሲመጣ ስልኩን ወደ እሷ ጆሮ አስጠጉት፤ እንድትሰማ። ቀጥሎ ወደ እኔ አምጥተው ነበር፤ ሰውዬው ግን ንግግሩን ጨርሶ ዘግቶ ነበር።

ያለፈው ክረምት እናቷ ታመው ሁለት ሳምንት ሳትመጣ ቀረች። በስልክ «አንቺ ሥሪው» አለችኝ፤ አባቴንም ጠይቃ አስፈቀደች። ብቻዬን ተቀመጥኩ። ቀስ ብዬ ሠራሁ፤ ሲደክመኝ አቆምኩ። በሁለተኛው ቀን ከአንድ ጆንያ ሥር ቀለሃ ያልሆነ ነገር አየሁ። ክብ፣ የዛገ፣ እንደ ትልቅ ሎሚ። ምን እንደሆነ አላወቅሁም። እጄን ሰበሰብኩ። ጭልፋውን እንኳ ሳላነሳ ተነሳሁ፤ ጆንያውን አምጥቶ ሂሳቡን ይጠብቅ የነበረውን ሻጭ ይዤ ወጣሁ፤ በሩን ቆለፍኩ፤ ጎረቤቶቹን ከአጥሩ አራቅሁና ወደ ጣቢያው ደወልኩ። የሚያውቁ ሰዎች መጥተው በጥንቃቄ ወሰዱት። ከከተማው ወጣ ብለው እንዳፈነዱት ያወቅነው ከድምፁ ነው። አንዱ ፖሊስ ሲመለስ «ያልነካሽው ደግ አደረግሽ» አለኝ።

አባቴ ያኔ መስጊድ ነበሩ። ይህን ሁሉ አላዩም። ሲመጡ ልነግራቸው አፌ ላይ አድርጌው ነበር፤ ግን ራሴን ማወደስ ሆነብኝና ተውኩት። ለአሥር አለቃዋ ግን በስልክ ነገርኳት፤ የሠራሁት ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነበረብኝ። ብዙ ጠየቀችኝ፤ ስንት እርምጃ ራቅሽ፣ ሻጩን ወዴት ወሰድሽው፣ ማን ቀድሞ ገባ። «ደህና ነው» ብላ ዘጋች።

በማግስቱ አባቴ ቁርስ ላይ ዳቦ ቆርሰው ወደ እኔ ገፉት። «አሥር አለቃ ደውለው ነገሩኝ» አሉ። «እኔ ብሆን እንደዚያ አላደርግም ነበር፤ ልነካው እችል ነበር አሉኝ።» ከዚያ «ደግ ሠርተሻል» አሉ።

አርባ ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። በእሷ በኩል ዞሮ መጣ። ዳቦውን በላሁ፤ ደስታዬም እውነተኛ ነበር፤ እሷ ባትደውል ኖሮ እኔ ብነግራቸው ይሉኝ ነበር ወይ እያልኩ ግን ሻዬ ሳልጠጣው ቀዘቀዘ። ሰኞ እናቷ ተሽሏቸው ስትመጣ አባቴ ብድግ አሉ። እኔ ሸራውን ዘርግቼ፣ አሸዋውን አቅርቤ፣ ከጎኔ ቦታ ለቀቅሁላት።